ሳይሞላ የሚነሳ ባቡር

ባለትዳር ሆኜ ሃያ ምናምን ዓመት ከኖርኩ፣ ልጅ ወልጄ ባሕር ማዶ ልኬ ካስተማርኩ በኋላ አንድ የማላውቀው ወጣት ከጠረጴዛው ጀርባ ቀና ብሎ "ጋብቻው የተፈጸመው በፈቃድዎ ነው?" ሲል ጠየቀኝ። ያገባሁት ሰው አጠገቤ ቆሟል። ያደረገውን ሸሚዝ ጠዋት የተኮስኩለት እኔ ነኝ። የሚጠበቅብኝ አንዲት ቃል ነበረች። እሷን ቃል ለማውጣት ግን አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ጽጌ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ ጠባብ ሱቅ መጋረጃ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ገመቹ ሹፌር ነው። ከአዳማ ወለንጪቲ፣ አንዳንዴም እስከ መተሐራ፣ ሕዝቡ ቅጥቅጥ የሚለውን መለስተኛ አውቶብስ ይነዳል። መኪናው ጃፓን ሠራሽ ስለሆነ ገመቹ ስለ ጃፓን ሲያወራ የአማቾቹን አገር የሚያወራ ነው የሚመስለው። አንድ ልጅ አለችን፣ ሲፈን ትባላለች። ጎበዝ ተማሪ ስለነበረች ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ የሄደችው እዚያው አባቷ ወደሚያወድሰው አገር ነው።

አንድ እሑድ ደወለችና "እማ፣ ምርቃቴ ደርሷል። ሁለታችሁም ካልመጣችሁ አልመረቅም፣ በቃ!" አለችን። እንደቀልድ ጀምራው ነበር፣ ወዲያው ግን ስታለቅስ ሰማናት። ስልኩን ሳንዘጋ ለመሄድ ወሰንን።

የሹፌር ሚስት ብዙ አገር ያየች ይመስላችሁ ይሆናል። ሞኝ አትሁኑ! እኔና ገመቹ ሁለታችን ብቻ ሆነን የትም ሄደን አናውቅም። አንድ መኪና ውስጥ አብረን የምንሆነው እሱ መሪው ላይ፣ እኔ ከኋላ ከሰዉ ጋር ሆኜ ነው። ከሹፌሩ ጎን ያለው የጋቢና ወንበር ወይ የከፋይ ነው፣ ወይ የሽማግሌ፣ ወይ የታመመ ሰው። ሚስቱን ጋቢና ሰቅሎ የሚነዳ ሹፌር መናኸሪያው ውስጥ መሳቂያ ነው። ስለዚህ የባሌን ማጅራት ከፊቱ ይልቅ አጥንቼዋለሁ። ሲናደድ እንዴት እንደሚቀላ፣ ሲደክመው እንዴት ዘንበል እንደሚል አውቃለሁ።

ዝግጅቱን ጀመርን። ከእራት በኋላ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን ሲፈን የላከችልንን ቪዲዮ እናያለን። በሁለት ቀጫጭን እንጨት ይበላል ስትለው ገመቹ ሁለት የዳንቴል መሥሪያ ኪሮሾቼን አንስቶ ፓስታ ሊበላ ታገለ። ፓስታው ቀዘቀዘ፣ እሱ ግን እልህ ይዞት አንድ ዘለላ አፉ እስኪያደርስ አልተነሳም። ቤት ሲገባ ጫማ ይወለቃል ስትለን ደግሞ የሁለታችንም ዓይን ካልሲው ላይ አረፈ። ያን ሳምንት የቤቱን ካልሲ በሙሉ ስጠቅም ሰነበትኩ።

ከሁሉም ገመቹን የገረመው ግን የዚያ አገር ባቡር ነው።

"አባዬ፣ በሰዓቱ ነው የሚነሳው። ደቂቃ አያሳልፍም" አለችው ሲፈን።

"እሺ፣ ካልሞላስ?"

"ባይሞላም ይነሳል።"

"ባዶ ወንበር ይዞ?"

"አዎ! ሁለት ሰው ብቻ ብትሆኑም ይነሳል።"

ገመቹ ዕድሜውን ሙሉ ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ኪሮሹን አስቀመጠ። "ሳይሞላ የሚነሳ ነገር ላይ ሳልሳፈር አልሞትም" አለ በኋላ። ከዚያ ወደ እኔ ሰረቅ አድርጎ አይቶ ፈገግ አለ። ፈገግታው ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፣ አልጠየቅኩትምም።

ነገሩ የተበላሸው ሲፈን "የጋብቻ የምስክር ወረቀታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ለቪዛው ይፈለጋል" ያለች ቀን ነው። ተያየን።

"የምን ወረቀት?" አልኳት።

"እንዴ እማ! አልተጋባችሁም እንዴ?"

"አንቺ ልጅ፣ በሬ ታርዶ ነው የተጋባነው!"

"እሺ፣ በሬው ወረቀት ሰጥቷችኋል?"

ሳቅን። ወረቀት ግን አልነበረንም። በሽማግሌ ተጠይቄ፣ ዳስ ተጥሎ፣ ተበልቶና ተጠጥቶ ነው የተዳርኩት። ያን ጊዜ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መፈረም በእኛ ሰፈር የሚታሰብ አልነበረም። የኤምባሲው ቀጠሮ ደግሞ ደርሷል። ስለዚህ ምስክር ይዘን ጋብቻችንን ልናስመዘግብ ተነሳን።

አንደኛዋ ምስክር የሱቅ ጎረቤቴ ዘሀራ ናት፣ ጨርቅ የምታስረክበኝ። ሌላው ኦቦ ደበሌ ናቸው። ገመቹ ወደ አባቴ ከላካቸው ሽማግሌዎች መካከል በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከወለንጪቲ በጠዋት መጡ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ወልውለው። ቀኑ የኤምባሲው ቀጠሮ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር።

የመዝጋቢው ወጣት ጨዋ ልጅ ነበር። የሁላችንንም መታወቂያ አየ፣ ጻፈ፣ ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረ።

"አቶ ገመቹ፣ ጋብቻው የተፈጸመው በፈቃድዎ ነው?"

"አዎ!" አለ ገመቹ፣ ቢሮው እስኪያስተጋባ።

"ወይዘሮ ጽጌስ? በፈቃድዎ ነው?"

አፌን ከመክፈቴ በፊት ኦቦ ደበሌ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ነካ አደረጉና "ፈቅዳለች፣ ፈቅዳለች። ያኔ አባቷ ፈቅደው የሰጡት ለእኔው ነው" አሉ።

ወጣቱ ፈገግ አለ። "አባባ፣ የእርስዎን ቃል በኋላ እቀበላለሁ። ይህን የሚመልሱት እሳቸው ናቸው።"

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት አዳማ አልነበርኩም። ወለንጪቲ፣ አባቴ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ነበር። ሳሎን የተቀመጡት ሽማግሌዎች ድምፅ ይሰማኛል። አባቴ ሲያመነታ፣ ኦቦ ደበሌ ሲለምኑ፣ በመጨረሻም አባቴ "እሺ" ሲል ሰማሁ። ከዚያ እናቴ መጥታ አቅፋ ሳመችኝ። በቃ፣ የእኔ ጉዳይ አለቀ ማለት ነው። በግድ ተዳርኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ገመቹን በዓይን አውቀው ነበር፤ ከወለንጪቲ አዳማ ትምህርት ቤት የምመላለስበት አውቶብስ ረዳት ነበር። አፉ ስድብ የማያውቅ፣ ዓይን የሚገባ ልጅ። ብጠየቅ ምን እንደምመልስ ግን ማንም አላወቀም። እኔም ጭምር።

"ነገ ብመልስ ይቻላል?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ነበር።

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ይቻላል። መጠየቁ የእኔ ሥራ ነው፣ መልሱ የእርስዎ ነው። ነገ ከሰዓት በኋላ አለን።"

ውጭ ስንወጣ ዘሀራ ክንዴን ጨበጠችኝ። "ወላሂ፣ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ግን ምን ነካሽ አንቺ?"

ኦቦ ደበሌ ግን አልሳቁም። "ያ ዋቃ! ልጄ፣ ምን በደለሽ? ይማታል?"

"ኧረ አይማታም ኦቦ።"

"ይጠጣል? ያመሻል?"

"አይጠጣም፣ አያመሽም።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"እኔም አላወቅኩት።"

አንገታቸውን እየነቀነቁ ወደ ወለንጪቲ ተመለሱ። ገመቹ ቀድሞኝ ይሄድ ጀመር። ማጅራቱ ቀልቶ ነበር።

ሱቄ ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ። የሚሰፋ ነበረኝ፣ እጄ ግን አልሠራም አለኝ። "አልፈቅድም" አልኩ ለራሴ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ ያህል። ሰማይ አልተደፋም። ብቻ ገመቹ ማታ በሩን ከፍቶ ሲገባ ጉሮሮውን የሚጠርግበት ድምፅ የማይሰማበት ቤት ታየኝ። ከዚያ "ፈቅጃለሁ" አልኩ። እሱም አልጣመኝም። ደጋግሜ አልኩት፣ ያው ነው። ቆይቶ ነው የገባኝ። አዎ ለማለት የሚጠይቀኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን ደመወዝተኛ ነው፣ ሥራው ስለሆነ። ሊጠይቀኝ የሚገባው ሰው ሳይጠይቀኝ ልጃችን ለምርቃት ደረሰች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተናደድኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ዘግይቶ የመጣ ንዴት ነበር።

እራት ላይ ገመቹ ቀና ሳይል "ሌላ ሰው አለ?" አለኝ።

"የለም።"

"ጃፓን አስጠላሽ?"

"አላስጠላኝም።"

"ታዲያ ለሲፈን ምን ልበላት?"

እንጀራውን ተውኩት። "ገሜ፣ አንተ የጠየቅከው አባቴን ነው። እሱንም ቢሆን አንተ ሳትሆን ኦቦ ደበሌ ናቸው የጠየቁልህ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ዛሬ ስጠየቅ መልስ እንደሌለኝ አየሁ። ደነገጥኩ።"

እጁን ታጠበና ተነስቶ ወጣ። በመስኮት ሳይ መኪናውን እያጠበ ነው፣ ያን ዕለት ጠዋት አጥቦት የነበረውን መኪና። ገመቹ ሲጨንቀው መኪና ያጥባል። እኔም ሰሐኑን አነሳሁና ተኛሁ።

ጠዋት ነጭ ሸሚዙን ለብሶ አገኘሁት። "ኦቦ ደበሌን ሄደን እናምጣቸው። ያለ እሳቸው ምስክር የለንም" አለኝ። ነጠላዬን አንስቼ ወደ መኪናው ስሄድ "በሱ አይደለም" አለ። ቁልፉን ኪሱ ከቶ በእግር ወደ መናኸሪያው ይመራኝ ጀመር።

መናኸሪያው ውስጥ እሱን ያላየ ሰው የለም፤ ተሳፋሪ ሆኖ ግን ማንም አላየውም። ወደ ወለንጪቲ የሚሄደው መኪና ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። "ጋሽ ገመቹ! መንጃ ፈቃድህን ተቀማህ እንዴ? ና በል፣ ጋቢና ግባ!"

"አይ፣ ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ነኝ።"

ይህን ሲል ሰው ሁሉ ሰማ። ሳቁበት። እሱ ግን ገብቶ መስኮቱ ጋ እኔን አስቀመጠና ከጎኔ ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዬን ነካ። እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋበት፤ አንዴ ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ አንዴ የፊቱን ወንበር ይይዛል። መኪናው ገና ግማሹ ባዶ ነበር። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ወለንጪቲ፣ ወለንጪቲ እያለ ይጣራል።

"ጽጌ" አለኝ ገመቹ፣ ፊት ለፊት እያየ። "የማትሪክ ፈተና የጀመርሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ?"

"እንዴት እረሳዋለሁ! ተኝቼ አርፍጄ፣ ከቤት እስከ መኪናው እያለቀስኩ ነው የሮጥኩት።"

"ስትገቢ መኪናው ውስጥ ስንት ሰው ነበር?"

አሰብኩ። ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ሌላ ጊዜ ያ መኪና እስኪሞላ ፀሐዩ ይከር ነበር። የዚያን ቀን ግን ገና ከመቀመጤ ተነሳ። ፈተናው ሳይጀመር ደረስኩ። መንገድ ላይ ለማርያም ተስዬ ስለነበር ሰማችኝ ብዬ ጧፍ ይዤ ሄጄ ስለቴን አስገብቻለሁ።

"ባዶ ነበር ማለት ይቻላል" አለኝ። "አንቺ ስትገቢ በሩን ዘግቼ ሹፌሩን ‘ሞልቷል፣ ሳበው!’ አልኩት። ወደ ኋላ እንዳያይ የሰው ሻንጣ ከፍ አድርጌ ደርድሬ ነበር።"

"ውሸትህን ነው!"

"አዳማ ገብቶ ሲያይ እዚያው አወረደኝ። ሁለተኛ መኪናዬ ላይ እንዳትደርስ አለኝ።"

ትዝ አለኝ። ከፈተናው በኋላ ያ ረዳት ጠፍቶ ነበር። ሥራ የቀየረ መስሎኝ ነበር፤ ገበያ ውስጥ ጭነት ሲያወርድ አንድ ቀን አይቼው ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ አልፌዋለሁ።

"ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ።"

እውነቱን ነው፣ አልጠየቅኩትም። ስለ ባቡሩ ያን ማታ ፈገግ ሲል እንኳ ምን ሆንክ አላልኩትም። ለካ ማታ ሙሉ ስናደድበት የነበረው ነገር በእኔም በኩል አለ።

ገመቹ አሁን ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። "የዚያን ጊዜ መጠየቅ ፈርቼ ነው ሽማግሌ የላክኩት። አባትሽን ከምፈራው ይልቅ የምፈራው አንቺን ነበር። አሁን ራሴ እየጠየቅኩሽ ነው። ሲፈንን ተያት፣ ጃፓንንም ተዪው። እኔን ትፈልጊኛለሽ ወይ?"

ፊት ለፊታችን የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ጆሮዋ ቆሞ ነበር። ጭራሽ ዘንቢሏን አስተካክላ ወደ እኛ ዞራ ተቀመጠች። እኔ ላቤ መጣ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው መሀል! አዎ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ደግሞ አንድ ነገር ያዘኝ። ጥያቄው ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቶሎ እንዲያልቅብኝ አልፈለግኩም።

"ላስብበት" አልኩት።

"አስቢበት" አለኝ። "እስኪሞላ ጊዜ አለን።"

ሴትዮዋ "አይ ወንድ!" ብላ አጨበጨበች። እሱም ሳቀ። ሰው እየመጣ ወንበሩ አንድ በአንድ ተያዘ፤ በመጨረሻ ረዳቱ በሩን ዘጋና ተነሳን።

ገመቹ ሰው ሲነዳው አይቼ አላውቅም ነበር። መኪናው ፊት በቆመ ባጃጅ ምክንያት ፍጥነት ሲቀንስ ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ። ጠምዘዝ ስንል እጆቹ ተንቀሳቀሱ። የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል። የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እጄን ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩና "ተው፣ ሰውየው ይንዳ" አልኩት። እግሩ ረገብ አለ። እጄን አላነሳሁትም።

ወለንጪቲ ቤቶቿ መታየት ሲጀምሩ "ገሜ" አልኩት።

"ወዬ።"

"አዎ።"

"ምኑ?"

"የጠየቅከኝ ነዋ።"

በእኔ በኩል ባለው መስኮት ወደ ውጭ ያይ ጀመር፣ የሚታየው ሜዳ ብቻ ቢሆንም። ከጎን አየሁት። ዓይኑ ረጥቧል፣ አገጩ ይንቀጠቀጣል። ማጅራቱ ይህን ሁሉ ነግሮኝ አያውቅም።

ኦቦ ደበሌን ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰው በር ላይ አገኘናቸው። "አካም ቡልተን" ብለው ሰላም አሉንና ዓይን ዓይኔን እያዩ "እህሳ ልጄ፣ ምን ወሰንሽ?" አሉኝ።

"ቢሮው ስንደርስ ይሰማሉ። ግን ኦቦ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምመልሰው።"

ትንሽ አሰቡ። "ያኔም ልንጠይቅሽ ይገባ ነበር ለካ" አሉ፣ እንደ ዋዛ። ከአንደበታቸው ከሰማሁት ሁሉ የማልረሳው ይህን ነው።

ከሰዓት በኋላ ዘሀራ ቢሮው በር ላይ ጠበቀችን። ወጣቱ ሲያየን ፊቱ በራ፣ ጥያቄውንም እንደገና ጠየቀኝ። ኦቦ ደበሌ አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው ይጠብቃሉ።

"አዎ። በፈቃዴ ነው" አልኩ። ከገመቹ ድምፅ የእኔ በለጠ።

ወረቀቱን ይዘን በቀጠሯችን አዲስ አበባ ሄድን። ቪዛውም ቆይቶ መጣ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሽማግሌ መላክ ይቅር ለማለት የጻፍኩት እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ ክብር ነው፤ ሲፈንንም የሚፈልጋት ይላክ። ከሽማግሌው ጋር ግን ሴት ልጂቱም ትጠየቅ። እኔ የተማርኩት ደግሞ ከዚያም ያለፈ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን የኖሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁ ይመስላቸዋል፤ ብዙውን ነገር ግን ሳይጠያየቁ እንደሚያውቁት አድርገው የተዉት ነው። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁት። ዘገየ አትበሉ። መልሱን ብታውቁት እንኳ ጠይቁ፣ መጠየቁ ራሱ ለተጠያቂው ስንት ነገር ነው።

የእኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ጥያቄ በጥያቄ ሆኗል። እኔም እጠይቀዋለሁ፤ ስንት የማላውቀው ታሪክ አለው መሰላችሁ! እሱ ደግሞ አብዝቶታል፤ ሽሮ ይሁን ምስር፣ መብራቱ ይጥፋ ይብራ፣ ሁሉን ይጠይቀኛል። አንዳንዴ ያሰለቸኛል።

ትላንት ጨርቅ እየቆረጥኩ ከመተሐራ ደወለልኝ።

"ሲፈን አውሮፕላኑ ላይ ወንበር ልትመርጥልን ነው። መስኮቱ ጋ አንቺ ትሆኛለሽ ወይስ እኔ ልሁን?"

ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ። መቀሱን አስቀመጥኩና ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ።

"ላስብበት" አልኩት።

"አስቢበት" አለኝ፣ እየሳቀ።